እንውጣ ወይስ እንቆይ?
በሁለት ረመዷኖች መካከል የተገኘ ትምህርት



እስቲ ይህን አስቡት። የምትኖሩት ከባሕሩ ጥቂት ብቻ ከፍ ባለች የደለል ደሴት ላይ ነው። ቤታችሁ ከቀርከሃና ከሣር የተሠራ ነው። ሩዙ ደርሶ አጨዳ ተጀምሯል። ሁለት በሬና አንዲት ላም አሏችሁ። ትንሹን ልጅ አተኩሶታል፤ አረጋዊት እናታችሁ ያለ ደጋፊ አይራመዱም። ጎረቤት ራዲዮ ሰምቶ መጥቶ «ማዕበል ይመጣል ተብሏል» ይላችኋል። ቀና ብላችሁ ስታዩ ሰማዩ ደመና ከመልበሱና ነፋሱ ጠንከር ከማለቱ በቀር የተለየ ነገር የለም። ባለፈው ወርም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ የተፈራው ግን አልደረሰም። በአቅራቢያችሁ የግንብ ሕንፃ የለም። ጊዜውም መሽቷል። ትወጣላችሁ ወይስ ትቆያላችሁ?

«እንወጣለን እንጂ!» ለማለት አትቸኩሉ። ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1970 (ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም.) በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር የባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሁሉ ቀርቦላቸው ነበር። አብዛኞቹ ቆዩ። በዚያች ሌሊት ያለቀው ሕዝብ ቁጥር ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ይገመታል። በታሪክ ከተመዘገቡት የዚህ ዓይነት ማዕበሎች መካከል ይህን ያህል ሰው የፈጀ ሌላ የለም።

ለምን ቆዩ? ከሃምሳ ዓመት በኋላስ የልጆቻቸው ልጆች በሚሊዮን እየተቆጠሩ ከቤታቸው የወጡት ምን ተለውጦ ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው።

የማዕበሉ ጠባይ

በሞቃታማ ውቅያኖስ ላይ ተወልዶ እንደ እንዝርት እየሾረ የሚጓዘውን ይህን ኃይለኛ ነፋስ የአሜሪካ ሰዎች ሀሪኬን ይሉታል፤ በምሥራቅ እስያ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን ይባላል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ነፋሱ ቤት ያፈርሳል፣ ዛፍ ይነቅላል። ሰውን በብዛት የሚጨርሰው ግን ነፋሱ ሳይሆን ነፋሱ እየገፋ የሚያመጣው የባሕር ውኃ ነው።

የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ለዚህ አደጋ የተመቸ ቅርጽ አለው። ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር እንደ ማጥለያ አፍ እየጠበበ ይሄዳል፤ ወለሉም ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ነፋሱ የገፋው ውኃ ወደ ጎንም ወደ ታችም የሚሸሽበት ቦታ ሲያጣ ወደ ላይ ያብጣል። በዚያ ላይ የጋንጅስ፣ የብራህማፑትራና የሜግና ወንዞች ደለል እያመጡ የሠሩት መሬት ዝቅተኛና ሜዳ ነው። ደለሉ ለም በመሆኑ መሬት የሌለው ገበሬ ሁሉ ወደዚያው ይፈልሳል።

በ1970ው ማዕበል ሌላም ነገር ተደረበበት። ወሩ የ1390 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ነበር፤ ሊጋመስም ተቃርቦ ነበር። እናንተ ጾመኞች እንደምታውቁት በወር አጋማሽ ጨረቃ ሙሉ ትሆናለች። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደግሞ የባሕሩ ውኃ ከወትሮው ይበልጥ ከፍ ይላል። ማዕበሉ ዳርቻው የደረሰው ባሕሩ በጨረቃ ስበት በሞላበት ሰዓት ነበር። እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ሰዉ ተራዊሕ ሰግዶ ከተኛ በኋላ፣ ለሰሑር ከመነሳቱ በፊት፣ በአንዳንድ ስፍራ ከስድስት ሜትር የሚበልጥ ውኃ በደሴቶቹ ላይ ተጠቀለለ። በቦላ ደሴት ያለችው ታዙሙዲን የተባለችው ወረዳ 167 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አለቀ። ሩዝ ለማጨድ ከሌላ አገር የመጡት የቀን ሠራተኞች ስንቱ እንደሞቱ በትክክል የቆጠራቸው የለም። ከሟቾቹ ሙስሊሙም ሂንዱውም ነበረበት።

ሐኪሞች በኋላ ከደሴት ደሴት እየዞሩ የተረፉትን ሲመረምሩ ብዙዎቹ የክንዳቸው ውስጠኛ ክፍል፣ ደረታቸውና ጭናቸው ተልጦ አገኙት። ሌሊቱን ሙሉ የዛፍ ግንድ አቅፈው ያደሩ ናቸው። ማቀፍ ያልቻለው ማን ነው? ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ፤ ከሟቾቹ ግን ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኙ።

ያልሰሙ አልነበሩም

ውድ አንባቢያን፤ ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ምስኪኖች! የሚነግራቸው አጥተው ነው» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከአደጋው በኋላ በወጣ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ግምት መሠረት ከአካባቢው ነዋሪ ከ100 ሰው 90 ያህሉ ማዕበል እንደሚመጣ ሰምቶ ነበር። ወደ ጠንካራ ሕንፃ የሄደው ግን ከ100 አንድ ሰው ያህል ብቻ ነው።

መስማትና ማመን ምን አራራቃቸው? መጀመሪያ ነገር፣ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በኦክቶበር መጨረሻ ሌላ ማዕበል ይመጣል ተብሎ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተላልፎ ነበር። ማዕበሉ መጣ፤ ጉዳቱ ግን እንደተፈራው አልሆነም። በኖቬምበሩ ማዕበል ጊዜ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ቃል ግልጽ አልነበረም፤ የምልክቶቹም አሠራር በቅርቡ ስለተለወጠ ገበሬው ምን ማለት እንደሆኑ አልለየም። ሁለተኛ፣ ቃሉ የመጣው ሩቅ ካለ መንግሥት በራዲዮ ነው። ያንን መንግሥት ሕዝቡ አያምነውም፤ እሱም ሕዝቡን አያውቀውም። አለመተማመኑ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ወዲያው ታየ። የዕርዳታው መዘግየት ያስቆጣው ሕዝብ በዲሴምበር ምርጫ ድምፁን ለአዋሚ ሊግ ሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት በ1971 ከጦርነት ጋር ባንግላዴሽ ተወለደች።

ሦስተኛው ምክንያት የኑሮ ስሌት ነው። በሬ ለገበሬ የሚታረድ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የነገው እርሻ ነው። ትቶት የሄደ ሰው ማዕበሉ ባይመጣ እንኳ ሌባ ይወስድበታል። በአዲስ ደለል ላይ የሰፈረ ሰው ደግሞ ወረቀት የለውም፤ የይዞታው ማስረጃ እዚያው መኖሩ ነው። ለቆ ከወጣ ሌላው ይይዝበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ «ውጡ» የተባለው ሰው የሚሄድበት አልነበረውም። ብዙ ደሴቶች ላይ አንድም የግንብ ሕንፃ አልነበረም። መድረሻ ሳያሳዩ «ሂድ» ማለት ማስጠንቀቂያ ሊባል ይችላልን?

ይህ የድሀ አገር ገበሬ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው ሀሪኬን በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ከተማው እንዲለቀቅ የግዴታ ትእዛዝ የወጣው ከአንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። መኪና ያለው ሄደ። መኪና የሌለው፣ የወር ደሞዙ ያለቀበት፣ የአልጋ ቁራኛ ዘመድ ያለው ቀረ። በዓለም ሀብታም በሆነች አገር በዚያ ማዕበል ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። የሰው ልጅ በሁለቱም ስፍራ የሚያሰላው አንድ ዓይነት ስሌት ነው፦ የምተወው ምንድን ነው? የምሄደው የት ነው? የነገረኝን ሰው አምነዋለሁን?

የቀደር ጥያቄ

ከቆዩት መካከል «አሏህ ከጻፈብኝ የትም ብሄድ አላመልጥም» ያሉም ነበሩ። ይህን ንግግር እኛም በየቤታችን እንሰማዋለን። ስለዚህ ሳናነሳው ማለፍ አይገባንም።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን በመንገድ ላይ ሰሙ። የዐምዋስ ወረርሽኝ በመባል የሚታወቀው ነው። ዑመር ያደረጉትን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ በሐሳብ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ እነዚህ በአንድ ቃል «ሰዉን ይዘህ ተመለስ» አሉ። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። የሻም ጦር አዛዥ የነበሩት አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአሏህ ቀደር መሸሽ ይቻላልን? ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመር የመለሱላቸው ከአንዱ የአሏህ ቀደር ወደ ሌላው የአሏህ ቀደር እንደሚሄዱ ነው። ግመሉን የሚያሰማራ ሰው አንዱ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሁለት ሸለቆ ቢገጥመው፣ በየትኛውም ቢያሰማራ በአሏህ ቀደር መሆኑን በምሳሌ አስረዷቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን ያዘዘውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ሲነግሯቸው ዑመር አሏህን አመሰገኑ።

በእርግጥ ወረርሽኝ የራሱ ሕግ አለው፤ በውስጡ ያለ ሰው ሸሽቶ እንዳይወጣም በዚያው ሐዲስ ታዟል። እኛ ከዚህ የምንወስደው መንገዱን ነው፦ መረጃውን መስማት፣ ማማከር፣ መወሰን፣ ከዚያም በአሏህ መመካት። ተወኩል ምክንያትን ከማድረስ ጋር አይጣላም። ግመሉን አስሮ በአሏህ እንዲመካ የተነገረውን ሰው ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰምጦ የሞተ ሙእሚን ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። በዚያች ሌሊት ለሞቱት «በቀደር አሳብበው ቆዩ» ብሎ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም። ብዙዎቹ «ቀደር ነው» ያሉት የሚወጡበት በር ስለሌላቸው ነበር። በሩ በተከፈተላቸው ጊዜ ያው እምነት ያላቸው ሰዎች ወጥተዋል።

በሩ እንዴት ተከፈተ?

በ1972 የባንግላዴሽ ቀይ መስቀል፣ በኋላ ቀይ ጨረቃ የተባለው ማኅበር፣ ለሳይክሎን ዝግጅት የሚውል ፕሮግራም ጀመረ። በተከታዩ ዓመት መንግሥቱም አብሮት ገባበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማስጠንቀቂያውን የሚያደርሰው የማይታወቅ ድምፅ ሳይሆን የመንደሩ ልጅ ይሁን። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተመለመሉ። ሥራቸው ያለ ደሞዝ ነው። የእጅ ድምፅ ማጉያ፣ በእጅ የሚዞር ሳይረንና ባንዲራ ተሰጣቸው። አንድ ባንዲራ ሲሰቀል ተጠንቀቁ፣ ሁለት ሲሆን ተዘጋጁ፣ ሦስት ሲሆን ውጡ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ሦስት ባንዲራ መቁጠር ይችላል። የመስጊድ ድምፅ ማጉያም ከአዛን ሌላ ለዚህ አገልግሎት ዋለ።

ለከብቶችም ታሰበላቸው። አፈር ተቆልሎ እንደ ኮረብታ የተሠራ ከፍታ በየዳርቻው ተዘጋጀ፤ ሕዝቡ በመሪው በሼኽ ሙጂቡር ረሕማን ስም «ሙጂብ ኪላ» አለው። ገበሬው በሬውን የሚያቆምበት ሲያገኝ እሱም እግሩን ማንሳት ቀለለው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አልሞላም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1991 ሌሊት ሌላ ታላቅ ማዕበል በቺታጎንግ በኩል ገባ። ሸዋል ተጋምሶ ስለነበር አሁንም ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ተላልፏል፤ በጎ ፈቃደኞቹም ቤት ለቤት ዞረዋል፤ በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። ሆኖም የግንብ መጠለያዎቹ ለዚያን ያህል ሕዝብ የሚበቁ አልነበሩም። ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ከተጠየቁት ቤተሰቦች ወደ ጡብ ወይም ሲሚንቶ ሕንፃ መድረስ ካልቻሉት መካከል ከ100 ሰው 22 ያህሉ ሞተው ተገኙ። ሕንፃው ዘንድ የደረሱት ግን ሁሉም ተርፈዋል።

ውድ እናቶችና አባቶች፤ ከዚህ ጥናት ሌላም የሚያሳስብ ነገር ተገኘ። ከልጆች ጋር በብዛት የሞቱት ሴቶች ናቸው፤ በተለይም ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑት። ባሏ ወይም ወንድሟ ከቤት ያልነበረ ሴት ብቻዋን ለመወሰን አመነታች። ወንድና ሴት ተፋፍጎ በሚያድርበት አዳራሽ ውስጥ መግባት ያሳፈራት ሴት ነበረች። ልጅ ታቅፋ የወጣችውም ረጅሙ ልብሷ በውኃው ውስጥ ጠልፎ ጣላት። ሐያእ ታላቅ ጸጋ ነው። ሴት ልጅ ሐያእዋን ጠብቃ የምትድንበትን ስፍራ ማዘጋጀት ግን የማኅበረሰቡ ግዴታ ነው። ከ1991 በኋላ የተሠሩ ብዙ መጠለያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍል እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ሴቶችም ከበጎ ፈቃደኞቹ ተራ ገቡ። ሴቲቱ በሯ ላይ የምታውቃት እህት ስትጠራት መውጣት ቀላት። መጠለያው በማዕበል ጊዜ ብቻ የሚከፈት ባዕድ ሕንፃ እንዳይሆንም በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት ሆኖ እንዲያገለግል ተደረገ። ልጆቹ መንገዱን በየቀኑ ይሄዱበታል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2007 ሲድር የተባለው ማዕበል ሲመጣ ከሚሊዮን በላይ ሰው ወደ መጠለያ ገባ። የሞተው 3,400 ያህል ነው። ይህም ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከቆዩት አንዳንዶቹ የሰጡት ምክንያት ከ1970ው ጋር ይመሳሰላል፦ ከሁለት ወር በፊት በሴፕቴምበር ሱናሚ ይመጣል ተብሎ ሸሽተው ነበር፤ ሱናሚው ሳይመጣ ቀረ። አንድ ጊዜ ያልደረሰ ማስጠንቀቂያ ሁለተኛውን ያደክመዋል። ስለዚህ መውጣት የሚለመደው «በከንቱ ደከምን» ሳይሆን «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተመለስን» ማለት ሲለመድ ነው።

ሁለተኛው ረመዷን

በ1441 ዓመተ ሂጅራ የረመዷን የመጨረሻዎቹ ቀናት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2020፣ አምፋን የተባለው ኃይለኛ ማዕበል ወደ ሕንድና ባንግላዴሽ ዳርቻ ገሰገሰ። ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ የበረታበት ነበር። በቤት መቆየት ከበሽታው ያድናል፤ መውጣት ከውኃው ያድናል። ሁለቱን እንዴት ማስታረቅ ይቻላል? መጠለያዎቹ እንዳይጨናነቁ ከ12 ሺህ በላይ መጠለያና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቁጥራቸው ከ70 ሺህ በላይ የደረሰው በጎ ፈቃደኞች በየቤቱ ዞሩ። በባንግላዴሽ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከነጾሙ ከቤቱ ወጣ። በአገሪቱ የሞተው ሰው በአስሮች ብቻ የሚቆጠር ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ሁለቱን ማዕበሎች እንደ እኩል አድርገን አንመዝናቸውም። የአምፋን ዋና ኃይል ያረፈው በሕንድ በኩል ነው፤ ሱንደርባንስ የተባለው የባሕር ዳርቻ ጫካም ከጉልበቱ ቀንሶለታል። ይሁን እንጂ በ1970 ሰምቶ የወጣው ከ100 አንድ ሰው ያህል ነበር። በ2020 የወጣው በሚሊዮን ተቆጠረ። ባሕሩ ያው ነው፤ ደለሉ ያው ነው፤ ሕዝቡም ያው ጾመኛ ሕዝብ ነው። የተለወጠው የሚነግረው ሰው፣ የሚሄድበት ቤትና ትቶት የሚሄደው ነገር ዋስትና ነው።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

«ይህ ባሕር ላለው አገር ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. በሜይ ወር፣ ረመዷን በገባ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ሳጋር የተባለው ማዕበል በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ሶማሊላንድንና ጅቡቲን በጎርፍ መታ፤ ዝናቡም እስከ አገራችን ምሥራቃዊ ክፍል ዘለቀ። ያለ ባሕርም ውኃ ሰው ይወስዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በተኙበት ወስዷል። ደጋ የዘነበው ዝናብ ቆላ ያለውን ሰው ሳያስጠነቅቀው ነው የደረሰበት።

እንግዲህ ከቤንጋል ቤተሰቦች የምንማረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የመውጣት ውሳኔ በማዕበሉ ሌሊት አይወሰንም። በዚያ ሰዓት ሰው የሚያደርገው ቀደም ብሎ የተዘጋጀበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ቤተሰቡ ከዒሻ በኋላ ተሰብስቦ በተቀመጠበት፣ እንነጋገር። ወንዝ ዳር ወይም ገደል ሥር የምንኖር ከሆነ ከፍ ያለው ቦታ የት ነው? እናታችንን የሚሸከማቸው ማን ነው? አባት ከቤት ባይኖር እናት «እንውጣ» ብትል ማንም እንዳይከራከራት ከወዲሁ ተስማምተናልን? ከብቶቹ የት ይቆማሉ? ሰነዶቻችን በአንድ ከረጢት ተቀምጠዋልን? ብቻዋን የምትኖረውን ጎረቤት በር የሚያንኳኳው የማን ልጅ ነው?

መስጊዶቻችንም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ ሕዝቡም ያምናቸዋል። ከአፋፉ ሰፈር ጎርፉን ያየ ሰው ለታችኛው ሰፈር ለማድረስ ከመስጊድ የቀረበ ምን አለ? ሙስሊም ላልሆነው ጎረቤታችንም ያው ድምፅ ይደርሰዋል።

በቦላ ደሴት ዛፍ አቅፈው ካደሩት ሰዎች መካከል ልጃቸው ከእቅፋቸው ያመለጠባቸው ነበሩ። በ2020ው ረመዷን የልጅ ልጆቻቸው በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ አፈጠሩ። ነፋሱ ሲያልፍ ብዙዎቹ ጣሪያው ወደ ተገለበጠ ቤት፣ ጨው ወደ ገባበት ማሳ ተመለሱ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም ዒድ ሆነ። ቤቱ እንደገና ይሠራል፤ ዒዱን ግን ልጆቻቸው በሙሉ አብረዋቸው ሆነው ለማክበር በቁ።

አሏህ በውኃ ያለቁትን ወገኖቻችንን ይዘንላቸው፤ እኛንም ምክንያቱን አድርሰው በእርሱ ከሚመኩት ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።